በ5 ዋት አዲስ አበባ ይደረሳል? (የኪት ሬዲዮና የርቀት ግንኙነት)

ባለሽቦው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታገሱኝ።

ልጅ ሆኜ አባቴ ማታ ማታ አጭር ሞገድ ላይ የጀርመን ድምፅን ይከፍታል። ቤቱ ጭጭ ይላል። ድምፁ ይመጣል፣ ይርቃል፣ ያፏጫል፣ ተመልሶ ይጠራል። አባቴ መዞሪያውን በጣም በቀስታ እያንቀሳቀሰ ይከተለዋል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የማስበው ስለ ዜናው አልነበረም። ይሄ ድምፅ በምን በኩል ነው እዚህ የሚደርሰው? ለምንስ ነው የሚሄደውና የሚመጣው?

ከሠላሳ ዓመት በኋላ የአማተር ሬዲዮ (ሰው ፈቃድ አውጥቶ ለፍቅሩ የሚሠራው የሬዲዮ ግንኙነት) ፈተና ተፈተንኩ። አሜሪካ ላላችሁ፣ ቴክኒሽያንም ሆነ ጄኔራል የሚባለው ደረጃ 35 ጥያቄ አለው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ዜግነት አይጠየቅም። ሞርስ ኮድ ማወቅም ከ2007 ጀምሮ ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ሞርሱን ወደድኩትና ተማርኩት።

ከዚያ ኪት፣ ማለትም ራስህ የምትገጣጥመው ሬዲዮ፣ አዘዝኩ። ኪውሲኤክስ ይባላል፤ የኪውአርፒ ላብስ ሥራ ነው። ለ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው የሞገድ ክልል) የሚሆነውን መረጥኩ። 5 ዋት ገደማ ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ የተሠራው በ2017 እንግሊዝ አገር ለተሰበሰቡ ወጣት አማተሮች ነበር፤ አብረው ተቀምጠው እንዲገጣጥሙት ተብሎ። በፖስታ የመጣልኝ ትንሽ ካርቶን ናት። ውስጧ አንድ ሰርኪዩት ቦርድ፣ በላስቲክ የተለያዩ ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ቀለበት የሚመስሉ ቶሮይዶች። ልጆች ከተኙ በኋላ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካውያዬን እሰካለሁ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ስጨርስ በራ። ጽሑፉ ታየ። ግን ምንም አይሰማም። ሦስት ማታ ፈለግኩ። ችግሩ የመጀመሪያው ትራንስፎርመር ላይ ነበር፤ አራት ጥምጥም አለው። ሽቦው ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ እኔ ጫፉን በደንብ ሳልፍቅ ነው ሶልደር ያደረግኩት። በዓይን ሲያዩት ተይዟል፣ በቴስተር ሲለኩት ተቋርጧል። ፍቄ እንደገና ስይዘው ሬዲዮው ፉጨት በፉጨት ሆነ። ያቺን ሰዓት አልረሳትም።

የመጀመሪያ ግንኙነቴ ከጣሊያን ጋር ነበር። ከዚያ ስሎቬኒያ፣ ከዚያ ካናሪ ደሴቶች። በ5 ዋት! ይህ እኮ ከአምፖል ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት 14 ሜጋኸርዝ ላይ ስዞር ኢቲ3ኤኤ የሚል የጥሪ ስም ሰማሁ። ኢቲ የኢትዮጵያ ነው፤ ጣቢያው አምስት ኪሎ ያለው የአማተሮች ክበብ ጣቢያ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። የአውሮፓና የአሜሪካ ሰው ሁሉ ተደራርቦ ይጠራዋል። አርባ ደቂቃ ጠራሁ። አልሰማኝም። ከዚያ ምልክቱ ቀስ እያለ ጠፋ።

100 ዋት ማጉያ ልግዛ? ወይስ በ5 ዋት ይደረሳል?

---

ሚሚ (ዳላስ)

ይቅርታ፣ ገና አዲስ ነኝ። በስልክ በአንድ ሰከንድ አዲስ አበባ እየደወልን ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ለመናቅ ሳይሆን ለማወቅ ነው የምጠይቀው።

---

ባለሽቦው

ሚሚ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስልኩ በመሃል ስንት የሌላ ሰው ማሽን አለው፤ ታወር፣ የባሕር ገመድ፣ ሳተላይት። እዚህ በእኔና በዚያኛው ሰው መሃል ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ሬዲዮውን ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ ሽቦውን ራሴ ዛፍ ላይ አስሬዋለሁ። እኔ የሠራሁት ነገር ነው ውቅያኖስ የሚያቋርጠው። ይሄ ስሜት በስልክ አይገኝም።

---

ካውያ (ፍራንክፈርት)

ማጉያ አትግዛ። መጀመሪያ ሽቦህን እንይ።

ከ100 ዋት ወደ 5 ዋት ሲወረድ ልዩነቱ 13 ዴሲቤል ነው። ሰሚው ዘንድ በምልክት መለኪያው ከሁለት ነጥብ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ከባድ ይመስላል እንጂ የተበላሸ ወይም አቅጣጫውን የሳተ አንቴና ከዚህ የበለጠ ይበላል።

ዳይፖልህ (ከመሃል ግራና ቀኝ የሚዘረጋው የሽቦ አንቴና) ወዴት ነው የተዘረጋው? ቁመቱስ? ርዝመቱን ለ14.060 ሜጋኸርዝ 143ን ለድግግሞሹ አካፍለህ ታገኘዋለህ፤ 10.17 ሜትር ይመጣል፤ በየጎኑ 5 ሜትር ከ8 ሳንቲም። ትንሽ አስረዝመህ ቁረጥና እየለካህ አሳጥር። ያጠረን መቀጠል ያስቸግራል።

አንድ ነገር ልጨምር። መጨረሻ ላይ ኃይሉን የሚያወጡት ሦስት ትንንሽ ቢኤስ170 ትራንዚስተሮች ናቸው። አንቴና ሳይሰካ የሞርስ መምቻውን ከነካህ ይቃጠላሉ። እኔ ሁለት ጊዜ አቃጥያለሁ። ስትሞክር በአንቴና ፈንታ የሚሰካ የይስሙላ ጭነት ተጠቀም፤ 1 ኪሎኦም የሆኑ 20 ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ብታስር በትክክል 50 ኦም ይሆናሉ። ባለአንድ ዋት ከሆኑ 20 ዋት ይችላሉ። ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የለም።

---

ባለሽቦው

ካውያ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሽቦዬ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው የተዘረጋው። ካርታ ላይ ኢትዮጵያ ከእኛ ደቡብ ምሥራቅ ናት፤ ዳይፖል ደግሞ በጎኑ ስለሚያበራ ፊቱን ወደዚያ አዙሬዋለሁ። ቁመቱ 5 ሜትር ገደማ።

---

ካውያ (ፍራንክፈርት)

ይኸውልህ ተገኘ! የግድግዳ ካርታ ነው ያሳሳተህ። ምድር ኳስ ናት። ሉል አምጣና ክር ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ወጥረህ እየው። ክሩ ደቡብ ምሥራቅ አይወጣም፤ ከሰሜን 66 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ መሃል ነው የሚወጣው። አትላንቲክን አቋርጦ በፖርቱጋልና በስፔን ይገባል፤ በአልጄሪያ፣ በሊቢያና በሱዳን አልፎ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። ወደ 11,500 ኪሎሜትር ነው።

ስለዚህ የሽቦህ ጫፍ ነው ወደ አገር ቤት የተቀሰረው። ዳይፖል በጫፉ ደካማ ነው። ከሰሜን ሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ደቡብ ምሥራቅ ዘርጋው። ቁመቱንም ከቻልክ 10 ሜትር አድርስ፤ ለ20 ሜትር ባንድ ግማሽ ሞገድ ማለት ነው። ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ሽቦ ጉልበቱን ወደ ላይ ይተፋዋል። አንተ የምትፈልገው ወደ አድማሱ ዝቅ ብሎ የሚወጣ ጨረር ነው። አንድ ዝላይ፣ ማለትም ምልክቱ ሰማይ ላይ ነጥሮ መሬት እስኪመለስ፣ ቢበዛ 4,000 ኪሎሜትር ነው የሚሄደው፤ ለአዲስ አበባ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጉሃል።

---

የቴሌው ሰው (ሚኒያፖሊስ)

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ በወጣትነቴ ቴሌግራፍ ኦፕሬተር ነበርኩ። እጄ አሁንም ጠረጴዛ ላይ ሞርስ ይመታል፤ ባለቤቴ ተኛ ትለኛለች።

ሽቦውን ወንድምህ ነግሮሃል። እኔ ስለ ጆሮህ ልንገርህ። አርባ ደቂቃ ጠራሁ አልክ። ስንቱን ደቂቃ አዳመጥክ? ብዙ ሰው የሚጠራው ጣቢያ በራሱ ድግግሞሽ ላይ አያዳምጥም። ከላይ አንድ ወይም ሁለት ኪሎኸርዝ፣ አንዳንዴ አምስት ከፍ ብሎ ነው የሚያዳምጠው። ሲናገር «አፕ» ብሎ ይመታልሃል። አንተ እሱ ላይ ስትጠራ ከሆነ የሰማህ የለም፤ ሌላውን ነው የረበሽከው።

እንዲህ አድርግ። አሁን መልስ ያገኘውን ሰው ፈልገህ አግኘው። የት ቦታ ላይ እንደጠራ ምልክት አድርግ። ቀጥሎ የተመለሰለትንም እንዲሁ። ኦፕሬተሩ ወደ ላይ እየወጣ ነው ወይስ ወደ ታች እየወረደ? ሁለት ሦስት ሰው ከተከተልክ አካሄዱ ይገባሃል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣበት ቦታ ላይ ቀድመህ ቆመህ ጠብቀው። የጥሪ ስምህን አንድ ጊዜ ብቻ ምታ። እሱ በሚመታው ፍጥነት፣ ከዚያ አትፍጠን። ከዚያ ዝም በል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

100 ዋት ያለው ሰው ይህንን ሳያውቅ ሲጮህ ይውላል። 5 ዋት ያለው ካወቀ ይገባል።

---

ባለሽቦው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ለመናገር እሱ ራሱ ላይ ነበር የምጠራው። «አፕ» የሚለውን ሰምቼ ስሕተት መስሎኝ ነበር። በዚያ ሰዓት የረበሽኩትን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

---

ሞገድ (ሲያትል)

እኔ ቴክኒሽያን ብቻ ነኝ፤ 20 ሜትር ላይ መናገር አይፈቀድልኝም። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን 10 ሜትር አለ። ከ28.300 እስከ 28.500 ሜጋኸርዝ በድምፅም ይፈቀድልናል። ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ከፍ ስትል ይህ ባንድ ይከፈትና ትንሽ ኃይል ዓለምን ይዞራል። 25ኛው ዑደት ከፍተኛው ምዕራፍ ላይ መድረሱ በጥቅምት 2024 ነው የተነገረው፤ ስለዚህ ሳይዘጋ ተጠቀሙበት።

አፓርታማ ውስጥ ነው የምኖረው። ሽቦ በረንዳዬ ላይ እንዳይታይ ቀጭን ጥቁር ሽቦ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ወደ ውጭ አወጣለሁ፤ ስጨርስ እሰበስበዋለሁ። ጃፓንና ኒውዚላንድ በዚህ አግኝቻለሁ። ግቢ የለኝም ብላችሁ አትተዉት፣ በተለይ እህቶቼ።

---

ሐሪ (ዱባይ)

እዚህ ፈቃድ የለኝም፣ በቅርቡም የማገኝ አይመስለኝም። ከርቀት ማየት ብቻ ነው ዕጣዬ?

---

ሞገድ (ሲያትል)

ሐሪ፣ ያለ ፈቃድ ምንም ነገር እንዳታስተላልፍ፤ ለራስህ ስትል። ማዳመጥ ግን በኢንተርኔት ትችላለህ። ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮውን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። በስልክህ ከፍተህ ከዜሮ እስከ 29 ሜጋኸርዝ መዞሪያውን አንተው ታዞራለህ። ሞርስ ለመማር ከዚህ የተሻለ የለም።

---

ዶን (ሐይፋ)

ከእኛ አዲስ አበባ 2,600 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ዝላይ። ስለዚህ እኔ በቀላሉ እሰማቸዋለሁ፣ አልኩራራም።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ለማወቅ መብራት እንደሌለው መኪና መደናበር አያስፈልግም። 14.100 ላይ ቁጭ በል። በዓለም ዙሪያ 18 የምልክት ጣቢያዎች በየሦስት ደቂቃው በተራ ይመታሉ፤ ለእያንዳንዱ 10 ሰከንድ። የጥሪ ስማቸውን በ100 ዋት ይሰጣሉ፤ ከዚያ አራት ረጃጅም ምት ያሰማሉ፤ በ100 ዋት፣ በ10፣ በ1 እና በ0.1 ዋት። ከቴል አቪቭም ከኬንያም አለ። የኬንያውን ባለ 1 ዋት ምት ሜሪላንድ ላይ ሰማህ ማለት ምሥራቅ አፍሪካ ለአንተ 5 ዋት ክፍት ነው ማለት ነው።

ሌላው፤ ኤፍቲ8 የሚባለውን በኮምፒውተር የሚላክ ዲጂታል ዘዴ ሞክር። 14.074 ላይ። በዚያ ምልክትህ በጆሮ ሳይሰማ እንኳ ኮምፒውተሩ ያነበዋል። በእኔ ግምት በአንድ ቀን አዲስ አበባን ታገኛለህ።

---

የቴሌው ሰው (ሚኒያፖሊስ)

ልጄ ዶን፣ ስለ ጣቢያዎቹ የተናገርከው ወርቅ ነው። ኤፍቲ8 ላይ ግን አልስማማም። ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ሲነጋገር ሰውየው የት አለ? እኔ የሰውን እጅ እለያለሁ። በሞርስ ደክሞት እንደሆነ፣ ደስ ብሎት እንደሆነ ይታወቃል።

---

ዶን (ሐይፋ)

ጋሼ፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። ኤፍቲ8ን በ2017 ካወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ጆ ቴይለር ነው። በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ፤ ከሰማይ የሚመጣ የፐልሳር (እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ) ምት ሲያዳምጥ የኖረ ሰው። ደካማን ድምፅ ከጫጫታ ውስጥ የማውጣት ፍቅር ነው እዚህ ያደረሰው። ይህ ከእርስዎ ጆሮ ፍቅር የተለየ አይመስለኝም። ልጄ በዚህ ነው ጂኦግራፊ የተማረው፤ በ15 ሰከንድ አንድ አገር።

---

የቴሌው ሰው (ሚኒያፖሊስ)

ስለ ሰውዬው አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ልጅህ ከተማረበት መልካም ነው። እኔ ግን ከሞርስ አልወጣም።

---

የጉለሌው (አዲስ አበባ)

ሰላም። ከወዲህ በኩል ልጻፍ እንጂ።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የማስተላለፊያ ፈቃድ የለኝም፤ እዚህ መሣሪያ ማስመጣትም ሆነ ማስተላለፍ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። መቀበያ ግን ሠርቻለሁ። ኤንኢ602 የሚባለው አይሲ ድግግሞሹን ይቀላቅላል፤ ኤልኤም386 ድምፁን ያጎላል። በቃ፣ ዋናው ይኸው ነው። የጥምጥሙን ሽቦ የሰጠኝ ሰፈራችን ያለ ሞተር ጠምጣሚ ነው። ሳጥኑ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ቆርቆሮ ስለሆነ ጫጫታ ይከለክላል።

ከተማው ውስጥ ትልቁ ችግር ጫጫታ ነው። የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የጎረቤት ኢንቨርተር፤ ሁሉም ያጉረመርማል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም እኩል ጸጥ ይላል። የእኔ መቀበያ በባትሪ ነው። ያን ጊዜ ጣራ ላይ ወጥቼ ጆሮዬ ላይ ስሰካ ባንዱ ሌላ ዓለም ነው። ሰፈሩ ሲያማርር እኔ ደስ ይለኛል፤ እናቴ ይገርማታል።

ስለ ሰዓቱ። ዩቲሲ፣ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ ለብዙ ሰው ያስቸግራል፤ ለእኛ ግን ቀላል ነው። ከዩቲሲ ላይ 3 ቀንሱ፤ የእኛው ሰዓት ይመጣል። 15:30 ዩቲሲ ማለት 12:30 ምሽት ነው፤ ፀሐይ እዚህ የምትጠልቅበት አካባቢ። ያኔ ታችኛው የሰማይ ንብርብር፣ ቀን ቀን ምልክት የሚውጠው፣ መሳሳት ይጀምራል። ላይኛው ግን ገና ጠንካራ ነው። ለረጅም ርቀት እኔ የምወደው ሰዓት እሱ ነው።

ባለሽቦው፣ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት 14.060 ላይ ሲኪው («የሚሰማኝ አለ?» የሚለውን ጥሪ) ጥራ። መመለስ አልችልም። ማዳመጥ ግን እችላለሁ።

---

ባለሽቦው

ወንድሜ፣ ይሄ ለእኔ ከመመለስ አይተናነስም። ለእኔ ረፋድ 5:30 ላይ ነው። ሽቦውን አርብ አዞረዋለሁ። የጥሪ ስሜን በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ።

---

የጉለሌው (አዲስ አበባ)

ቅዳሜ። ምንም የለም። አውሮፓም ጭምር ደብዛው ጠፍቷል። ከፀሐይ የሚነሳ የማግኔት ማዕበል ነበር መሰለኝ፤ ሙሉ ባንዱ ሞቷል። ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተቀመጥኩ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና።

---

ካውያ (ፍራንክፈርት)

እዚህም ተመሳሳይ ነበር። ሽቦህን እንዳትነካው፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የተሳካለት አንቴና ዛሬ ዝም ሲል ሰው ቶሎ ብሎ መፍታት ይጀምራል።

---

የጉለሌው (አዲስ አበባ)

ሰዎች።

ዛሬ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ጠፋ። ጣሳዬን ይዤ ጣራ ወጣሁ። መጀመሪያ ጣሊያኖች፣ ከዚያ አንድ ሩሲያዊ፣ በጣም ኃይለኛ። 12:34 ላይ ከሥራቸው አንድ በጣም ቀጭን ነገር ሰማሁ። እየመጣ እየሄደ። ሲኪው፣ ሲኪው። የጥሪ ስሙን ሙሉ በሙሉ ለመያዝ አራት ጊዜ ፈጀብኝ። መጀመሪያ የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ፣ ከዚያ መሃሉን፣ በአራተኛው ሁሉንም። ወረቀት ላይ ጽፌ በስልክ መብራት ከላክልኝ ጋር አስተያየሁት።

ባለሽቦው፣ አንተ ነህ። 339 እሰጥሃለሁ፤ ደካማ ቢሆንም በችግር የሚነበብ ማለት ነው። ስድስት ደቂቃ ያህል ቆየህና ጠፋህ። የስልኬን መቅጃ ጆሮ ማዳመጫው ላይ አስጠግቼ ቀድቼዋለሁ፤ ፋይሉን ከታች ታገኙታላችሁ። ከበስተጀርባ የሚሰማው ውሻ የጎረቤት ነው።

---

ባለሽቦው

ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። ከዚያ አባቴ ጋ ደወልኩ። እሱ ሾላ ነው ያለው፤ ከጉለሌ ሩቅ አይደለም። በስልክ አሰማሁት። «ይሄ የምን ፉጨት ነው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት፤ ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ። ትንሽ ዝም አለና «ይሄዳል ይመጣል፣ ልክ እንደ ድሮው» አለኝ።

ማጉያ አልገዛም። ቀጣዩ ኢቲ3ኤኤ ነው፤ በዚችው ሬዲዮ፣ ጋሼ እንዳስተማሩኝ አዳምጬ።

---

የቴሌው ሰው (ሚኒያፖሊስ)

ቅጂውን ሰማሁት። ደስ ብሎኛል። የጉለሌው ልጅ ጆሮ የተባረከ ነው፤ እኔ እንኳ ሁለተኛው ላይ ነው የያዝኩት።

አሁን ስለ እጅህ። ሲኪው ስትመታ «ኪው» ላይ ሁለቱን ረጃጅም በደንብ ትሰጣለህ፣ አጭሯም ጥሩ ናት። የመጨረሻዋን ረጅም ግን ታሳጥራታለህ። ምልክቱ ሲደክም የመጀመሪያው የምትጠፋው እሷ ናት። በቀን አሥር ደቂቃ «ኪው» ብቻ ምታ፤ ሬዲዮው ሳይበራ።

---

ባለሽቦው

እሺ ጋሼ። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።